ድምፅ የማይሰማበት የሙዚቃ መሣሪያ ኤግዚቢሽን ለማን ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን የሙዚቃ መሣሪያ ኤግዚቢሽን ጊዜው አልፎበታል የሚል ጽሑፍ አውጥታችሁ ነበር፣ አንብቤው ዝም ማለት አቃተኝ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ፣ ዛሬ አዲስ ጊታር ሆነ ኪቦርድ ገና ከመውጣቱ ቪዲዮ ይሠራለታል፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ አይቶ መርጦ ያዛል፣ ታዲያ ምን ሲባል ነው አዳራሽ ውስጥ ሲጋፉ የሚዋለው ነው። እኔ መሣሪያ በመጠገን የምተዳደር ሰው ነኝ፣ ማታ ማታ ደግሞ አስተምራለሁ፣ ስለዚህ ነገሩ ያገባኛል። ጸሐፊው ያሉት ግማሹ ልክ ነው። የፍራንክፈርቱ ሙዚክሜሴ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ስንት ዘመን የኖረ ትልቅ ኤግዚቢሽን ነበር፣ 2019 ላይ የመጨረሻውን አዘጋጅቶ በዛው ቀረ። ወረርሽኙ መጣና 2020ን ሰረዘው፣ ከዛ በኋላ አልተመለሰም። ግን ሁሉም እንደዛ አልሆነም እኮ። ናም የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ማህበር በ1901 የተመሠረተ ነው፣ አናሃይም ካሊፎርኒያ የሚያደርገው ትርኢት እስከዛሬ አለ። ሻንጋይ ላይ ሙዚክ ቻይና ከ2002 ጀምሮ አለ። በርሊን ላይ ደግሞ ሱፐርቡዝ የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ብቻ የሚታዩበት ዝግጅት በ2016 ተጀምሮ ሰው እየናፈቀው የሚሄድበት ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው ኤግዚቢሽን ሞቷል ወይስ አልሞተም አይመስለኝም፣ የትኛው ነው እግር አንስቶ የሚያስኬድ፣ ለምን ነው የሚል ነው።

የኔ መልስ አንድ ነው። ኤግዚቢሽን የሚያዋጣው ቪዲዮ ሊሰጠኝ የማይችለውን ነገር ሲሰጠኝ ነው፣ እሱም መሣሪያውን በራሴ ጆሮ መስማት፣ በራሴ እጅ መያዝ፣ ከሠራው ሰው ጋር ፊት ለፊት ማውራት። እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ በቃ ብልጭልጭ መብራትና ብሮሸር ነው፣ ለሱ ደግሞ እውነትም ስልክ ይበቃል።

ቪዲዮ ላይ የምትሰሙት እኮ ጊታሩን አይደለም። የምትሰሙት ማይኩን፣ ማይኩ ያለበትን ክፍል፣ ኤዲት ሲደረግ የተጨመረውን ሪቨርብና ኮምፕሬሰር፣ በመጨረሻ ደግሞ የራሳችሁን ስልክ ስፒከር ነው። ባለአራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው የምትመታው፣ የስልክ ስፒከር እሷን ጨርሶ አያወጣትም፣ ከላይ ከላይ ያሉትን ድምፆች ሰምቶ ጆሯችን ነው የቀረውን የሚሞላው፣ እና በዚህ ሰምቶ ይሄ ቤዝ ከዛኛው ይሻላል የሚል ሰው ምኑን እንዳወዳደረ ራሱም አያውቅም። እጅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ክሮቹ የሚያርፉበት ጫፍ ላይ አንዱ 42 ሚሊሜትር ሌላው 43 ይሆናል፣ ክላሲካል ጊታር 52 ገደማ ነው። ወረቀት ላይ 1 ሚሊሜትር ምንም አይመስልም፣ ጣት ግን ወዲያው ታውቃለች። የክሩ ርዝመትም እንደዛው፣ 648 ሚሊሜትርና 628 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ጊታሮች ተመሳሳይ ክር አስራችሁ ስትቃኟቸው አንዱ ጠንከር ሌላው ላላ ይላል፣ ክር ስትጎትቱ ልዩነቱ እጃችሁ ላይ ነው። ፒያኖ ላይ አንዷን ቁልፍ ቀስ አድርጎ ለማውረድ 50 ግራም ገደማ ክብደት ይበቃል ይባላል፣ ዲጂታል ፒያኖ የሚሠሩት ሁሉ ያንን አስመስለናል ይላሉ፣ አስመስለው ይሁን አይሁን ግን መንካት ነው እንጂ ማንበብ አያሳይም። ቁልፏ ስትወርድ ብቻ ሳይሆን ስትመለስም ፍጥነቷ አለ፣ ያው ድምፅ ደጋግሞ ሲመታ ትደርሳለች ወይ የሚለው ነገር አለ። ትንሽ ልጅ አስተምሬ የማውቅ ሰው ስለሆንኩ እዚህ ላይ በጣም ነው የምጨነቀው፣ መጥፎ ኪቦርድ ላይ የጀመረ ልጅ ጣቱ ሌላ ነገር ይለምዳል፣ በኋላ ማስለቀቅ ከባድ ነው።

እሺ፣ እንግዲህ ይሄን ሁሉ እንይ ብለን ኤግዚቢሽን እንሄዳለን፣ ገብተን ምን ይገጥመናል? ጫጫታ። ከሁሉ በፊት መነገር ያለበት እሱ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አዘጋጆች ስለ ፓርኪንግና ስለ ትኬት ሲጨነቁ ስለዚህ አይጨነቁም። አንድ አዳራሽ ውስጥ ድራሙ፣ አምፑ (የጊታር ድምፅ ማጉያው)፣ ትራምፔቱ፣ ኪቦርዱ አጥር ላጥር ይሆናሉ። ድራም የሚሞክረው ልጅ ይመታል፣ ጎኑ ያለው የጊታር ዳስ እንዲሰማ ቮልዩም ይጨምራል፣ ከሱ ጎን ያለው ደግሞ እሱን ለመብለጥ ይጨምራል፣ ከሰዓት ላይ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚያወራው። እዛ መሀል አንድ ቫዮሊን ሠሪ ወራት የለፋበትን ሥራ ይዞ ቆሟል፣ ቀስቱን ሲስብ ራሱ አይሰማውም። ይሄ ሰውዬ ላይ ግፍ ነው የሚሠራው። አኩስቲክ መሣሪያ ከክፍሉ ጋር ነው የሚናገረው፣ ሳታስጮኸው ቀስ ብለህ ስትነካው የሚያወጣው ድምፅ ነው ጥሩውን ከመካከለኛው የሚለየው፣ ያ ደግሞ በጫጫታ ውስጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ በጣም ላየው የጓጓሁትን ክላሪኔት አንስቼ ነፋሁ፣ ጆሮዬን ቤሉ (ድምፁ የሚወጣበት ሰፊው አፍ) ጋ ብደፋ እንኳ የሰማሁት የጎረቤቱን ቤዝ ድራም ነው፣ መሣሪያውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ጤናም አለበት። ለሥራ ቦታ በሚሰጠው ምክር 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ላይ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል፣ ከዛ በኋላ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ። ድራም አጠገብ 100 ማለፍ ቀላል ነው። እንግዲህ ዳሱ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ለቀናት የሚቆሙትን ሠራተኞች አስቡ፣ ጎብኚው እንኳ ወጥቶ ይሄዳል። ሙዚቀኛ የሚኖረው በጆሮው ነው፣ ጆሮውን እንዲጎዳ የሚጋበዝበት ቦታ የሙዚቃ ዝግጅት መባል የለበትም።

መፍትሔው ደግሞ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ድራምና አምፕ ለብቻ አዳራሽ ይሰጣቸው፣ ከቫዮሊንና ከፒያኖ መሀል ኮሪደር ሳይሆን ግድግዳ ይኑር። ኤሌክትሪክ የሆነው ሁሉ በሄድፎን ይሞከር፣ ዛሬ እኮ ብዙው አምፕም ኤሌክትሮኒክ ድራሙም ሲንተሳይዘሩም (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረው መሣሪያ) የሄድፎን ቀዳዳ አለው። ለአኩስቲክ መሣሪያዎች ድምፅ የማያስገቡ ትንንሽ ክፍሎች ይሠሩ፣ ሰው ተመዝግቦ ለአስር ደቂቃ ገብቶ ይሞክር። ድምፅ መለኪያ ይዞ የሚዞር ሰው ይመደብ፣ ከተፈቀደው ድምፅ ያለፈውን ዳስ መጀመሪያ ይንገረው፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪኩን ይቁረጥበት። ይሄ መጨረሻው ጨከን ያለ ይመስላል ግን አንዱ ካለፈ ሁሉም ያልፋል፣ አንዱ ላይ ከተቆረጠ ግን ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ሌላው በጣም የምወደው ሐሳብ የጸጥታ ሰዓት ነው፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰዓት ማንም ማጉያ የማይከፍትበት። ምንም ወጪ የለውም። ለአንድ ሰዓት ብቻ አዳራሹ ጸጥ ቢል እውነተኛ ገዢ የሆነ ሰው ሁሉ በዛች ሰዓት ይመጣ ነበር።

ሙቀትን ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም ምክንያቱም ብዙ ሰው አያስበውም። አዳራሽ ሰው ሲሞላው ይሞቃል፣ ያኔ የእስትንፋስ መሣሪያዎች ቅኝታቸው ወደ ላይ ይወጣል፣ የሙቀት መጠኑ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር 3 ሴንት ገደማ፣ ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። 7 ወይ 8 ዲግሪ ልዩነት ካለ ጆሮ በግልጽ ይሰማዋል። ክር ያላቸው ደግሞ በተቃራኒው ሲሞቁ ይረግባሉ። ስለዚህ ሰው ሳክስፎን ነፍቶ ይሄ ከቅኝት ወጥቷል ብሎ ጥሎት ይሄዳል፣ ጥፋቱ ግን የአዳራሹ ነው። እንጨት ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል፣ ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለው ውስጥ ነው የሚመቸው፣ ኤሲ አየሩን ሲያደርቀው የጊታር ደረት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ከአንገቱ ጎን ብቅ ይላሉ። ዳሱ ውስጥ የእርጥበት መለኪያ አስቀምጦ ያየሁት ሠሪ ሁሉ አክብሮቴን ያገኛል። ሥራውን የሚወድ ሰው እንደሆነ ገና ሳይናገር ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ። ዳሱ ውስጥ ማን ነው የቆመው? ብዙ ጊዜ የምናገኘው ለሦስት ቀን የተቀጠሩ፣ ቲሸርት የለበሱ፣ ፈገግ የሚሉ ልጆች ነው፣ ልጆቹ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ግን ይሄ ኪቦርድ ከቁልፉ ስር ያለው የጎማ ኮንታክት ለብቻው ይቀየራል ወይስ ሙሉ ነው የሚሸጠው ብላችሁ ስትጠይቁ ብሮሸር ነው የሚሰጧችሁ። መሣሪያውን ዲዛይን ያደረገው ኢንጂነር ወይ እንጨቱን የጠረበው ሰው እዛ ካለ ግን ግማሽ ሰዓት አብራችሁ ቆማችሁ ከአንድ ዓመት ንባብ የበለጠ ትማራላችሁ። እሱም ይማራል፣ ይሄ ቁልፍ ላብ ባለው እጅ ይንሸራተታል፣ ይሄ ብሎን ለጠጋኝ አይመችም የሚለውን ከማን ይሰማል ታዲያ?

ታሪኩም ይሄንኑ ነው የሚያሳየው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ክሪስታል ፓላስ ውስጥ በተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን ጀርመናዊው ፍሉት ሠሪ ቴዎባልድ ቦም አዲሱን ፍሉት ይዞ ቀርቦ ተሸልሟል፣ ያ ዲዛይን ነው ዛሬ ኦርኬስትራ ውስጥ የምናየው ፍሉት መሠረት። እዛ የመሣሪያ ዳኞች ውስጥ አንዱ ኤክቶር ቤርሊዮዝ ነበር፣ የሙዚቃ ደራሲው ራሱ። አያችሁ፣ መሣሪያውን የሚፈርደው የሚጽፍለት ሰው ነበር። በ1889 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ዴቡሲ ከጃቫ የመጣውን ጋሜላን (በአብዛኛው የነሐስ መሣሪያዎች የሚመቱበት የቡድን ሙዚቃ) ሰምቶ ጆሮው ላይ ቀረ፣ ለሙዚቃው ምን ያህል እንደጠቀመው እስከዛሬ ይወራል። በ1927 ሩሲያዊው ፈልሳፊ ሌቭ ቴርሜን ሳይነኩት የሚጫወቱትን መሣሪያ ፍራንክፈርት ላይ አሳየ፣ ሰው እጁን አየር ላይ ሲያወዛውዝ ዜማ ሲወጣ ማየት ማመን የሚያቅት ነገር ነበር። በ1964 መኸር ላይ ሮበርት ሙግ ገና ስሙ ሳይታወቅ የሠራቸውን የሲንተሳይዘር ክፍሎች (ሞጁሎች) ይዞ ኒው ዮርክ የድምፅ ኢንጂነሮች ስብሰባ ላይ ቀረበ፣ እዛ ነው ከዌንዲ ካርሎስ ጋር የተዋወቁት፣ ካርሎስ በኋላ ላይ ሲንተሳይዘሩን ለዓለም ያሳወቀች ሙዚቀኛ ናት፣ መሣሪያውንም አብረው እየተነጋገሩ አሻሽለውታል። ይሄ ትውውቅ በፖስታ ይሆን ነበር? አይመስለኝም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሚዲ ታሪክ ነው። ያኔ አንዱ ካምፓኒ የሠራው ሲንተሳይዘር ከሌላው ካምፓኒ ጋር አይግባባም ነበር፣ ሁለት ገዝተህ አንዱን ከአንዱ ለማገናኘት ራሱን የቻለ መከራ ነው። የሴኩዌንሻል ሰርኪትሱ ዴቭ ስሚዝና የሮላንዱ ኢኩታሮ ካኬሃሺ ተነጋግረው፣ ሌሎችም የጃፓን ካምፓኒዎች ገብተውበት፣ መሣሪያዎቹ የሚግባቡበት ሚዲ የሚባል አንድ የጋራ ቋንቋ ፈጠሩ። ከዛ ጃንዋሪ 1983 ናም ላይ ፕሮፌት 600 የሚባለውን የአሜሪካኑን ከጁፒተር 6 ከጃፓኑ ጋር በአንድ ገመድ አገናኙት፣ አንዱን ሲነኩት ሌላው ጮኸ። ተፎካካሪዎች ናቸው እኮ! እንደዚህ ዓይነት ነገር የሚሆነው ሁሉም አንድ ጣሪያ ስር ሲገኝ፣ ሰውም ቆሞ ሲመሰክር ነው። ያ ባለ 5 እግር ሶኬት ዛሬም ኪቦርዳችን ጀርባ ላይ አለ፣ 16 ቻናሉም (በአንድ ገመድ የሚያልፉት መስመሮች) እንዳለ ነው፣ ሁለቱ ሰዎች በ2013 የቴክኒክ ግራሚ ተሸልመውበታል። እኔ አንድ ኤግዚቢሽን ጥሩ ነበር የምለው ስንት ካምፓኒ መጣ በሚለው ሳይሆን ዳሶቹ እርስ በርስ ይነጋገራሉ ወይ በሚለው ነው፣ የአንዱ ፔዳል በሌላው አምፕ ይሞከራል ወይ፣ የአንዱ ማውዝፒስ (አፍ ውስጥ ገብቶ የሚነፋው ክፍል) በሌላው ሳክስፎን ላይ ይገጠማል ወይ። ከኛ ውጪ ያለውን እዚህ አታምጣ የሚል ዳስ አጋጥሞኛል፣ ምን እንደፈራ አልገባኝም።

አሁን ደግሞ ማንም ፎቶ የማያነሳውን ክፍል ላውራ፣ መለዋወጫና ጥገና። ጥጉ ላይ ጠባብ ጠረጴዛ ይዘው የሚቀመጡት ናቸው፣ የሳክስፎን ፓድ (ቀዳዳዎቹን የሚዘጋው ለስላሳ ክዳን)፣ ቡሽ፣ ስፕሪንግ፣ የፒያኖ መዶሻ ፌልት፣ የጊታር ፍሬት ሽቦ፣ ፖት፣ ጃክ፣ የቀስት ፀጉር። ለኔ ኤግዚቢሽኑ እሱ ነው። አዲስ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ሁሉ እነሱ ጋ ሳይደርስ መውጣት የለበትም ባይ ነኝ ምክንያቱም እዛ ነው መሣሪያው ከአስር ዓመት በኋላ ይኖራል ወይስ ይጣላል የሚለው የሚታወቀው። አንድ ሞዴል ፓዱ መደበኛ መጠን ከሆነ ሁልጊዜ ይገኛል፣ ካምፓኒው ብቻ የሚሠራው ልዩ ነገር ከሆነ ግን ካምፓኒው በተወው ቀን መሣሪያው አበቃለት። ኤሌክትሮኒክሱ ላይ ደግሞ ይብሳል፣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ እቃ) ያረጃል፣ የሚዞሩት ቁልፎች ይሟሽሻሉ፣ ስክሪኑ ይደክማል፣ እና የሰርኪዩት ስዕሉን ለጠጋኝ የሚሰጥ ካምፓኒና የማይሰጥ ካምፓኒ ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። ሶፍትዌር የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ሰርቨራችሁን የዘጋችሁ ቀን ይሄ ነገር ይሠራል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ሻጩን ፊት ለፊት ስትጠይቁት መልሱን ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ፣ በኢሜይል ብትጠይቁ ስለ ጥያቄዎ እናመሰግናለን ነው የሚመጣላችሁ።

የጥገና ሠርቶ ማሳያ ያለበት ኤግዚቢሽን ደግሞ ሌላ ነው። ጠጋኙ ሳክስፎን ውስጥ ቀጭን መብራት ያስገባል፣ ፓዱ በትክክል ካልዘጋ ብርሃኑ በጎን ይወጣል፣ አየሩ የሚያመልጥበትን ቦታ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ይሄን ያየ ተማሪ የታችኛዋ ድምፅ እምቢ ስትለው ወዲያው ጥፋቱን ራሱ ላይ አይጥልም፣ መጀመሪያ መሣሪያውን ያስፈትሻል። ስንት ልጅ ነው ፓዱ በሚያፈስ ሳክስፎን ትንፋሽ የለህም እየተባለ ሙዚቃ የተወው! ፍሬት ሲሞረድ፣ ቀስት ፀጉር ሲቀየርለት፣ ፒያኖ ሲቃኝ ሰው ከቦ ቢያይ ሙያውም ይከበራል፣ ሙያውን ሊማር የሚፈልግ ልጅም ከዛ ይነሳል።

እንጨትም አንድ ሌላ የሚጠየቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ ሮዝውድ የሚባሉት የዳልበርጊያ ዛፎች ሁሉ ሳይተስ በሚባለው የዓለም አቀፍ ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ገብተው ጊታርና ክላሪኔት ለንግድ ድንበር ለማሻገር ወረቀት ያስፈልግ ነበር፣ በ2019 መጨረሻ ላይ ላለቀለት የሙዚቃ መሣሪያ ነገሩ ላላ፣ የብራዚል ሮዝውድ ግን ከ1992 ጀምሮ ጠበቅ ባለው ዝርዝር ውስጥ ነው፣ እስካሁንም እዛው ነው። እና መሣሪያ ስትገዙ እንጨቱ ምንድነው፣ ወረቀቱ የታለ ማለት ነውር አይደለም። ከሮዝውድ ሌላ እንጨት ወይ ካርቦን ፋይበር የሚሞክሩ ሠሪዎች አሉ፣ እነሱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነፃፀር የሚቻለው ደግሞ ኤግዚቢሽን ላይ ነው፣ ያውም ጸጥታ ካለ።

ትንንሽ ሠሪዎችን በተመለከተ አዘጋጆቹን በጣም ነው የምለምነው። ትልቁ ካምፓኒ ቢቀር ማንም መሣሪያውን ሱቅ ውስጥ ያገኘዋል፣ ብቻውን በዓመት ጥቂት ጊታር የሚሠራው ሰው ግን ከኤግዚቢሽን ሌላ የት ይገኛል? የዳስ ኪራይ ለትልቁም ለትንሹም በካሬ ሜትር አንድ ዓይነት ሲሆን ትንሹ ይቀራል፣ ከዛ ጎብኚው ሁሌ ያንኑ ነገር ያያል፣ በሚቀጥለው ዓመት ጎብኚውም ይቀራል። ለነሱ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር በቅናሽ ቢሰጥ፣ ቦታውም ሽንት ቤቱ በር ላይ ሳይሆን መሀል ላይ ቢሆን፣ በጎብኚ ቁጥርም ቢሆን የሚክስ ይመስለኛል። ጣሊያን ክሬሞና የቫዮሊን አሠራር ሙያዋ በ2012 ዩኔስኮ የመዘገበላት ከተማ ናት፣ እዛ የሚደረገው የመሣሪያ ኤግዚቢሽን ሰው የሚስበው ከመብራቱ ሳይሆን ከሠሪዎቹ ብዛት የተነሳ ነው፣ አንዱን ቫዮሊን ሞክረህ ከጎኑ ያለውን፣ ከዛ ቀጣዩን፣ ጆሮህ እየተሳለ ይሄዳል።

ማን ይግባ የሚለው ላይ ብዙ አልልም። ለነጋዴ ብቻ ከሆነ የሚጫወተው ሰው ውጭ ይቀራል፣ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ደግሞ ውል ሊነጋገሩ የመጡት መተነፈሻ ያጣሉ። ቀኑን መክፈል ነው፣ መጀመሪያ ለንግድ፣ ቅዳሜና እሁድን ለሕዝብ። ተማሪ ግን በነፃ ይግባ፣ አትንኩ የሚል ምልክትም ከሕፃናት ዳስ ይነሳ። ኦቦ ወይ ቼሎ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ልማረው ብሎ ሊያስብ አይችልም፣ ሁሉም ጊታርና ኪቦርድ ብቻ የሚመርጠው እኮ ሌላውን ስለማያውቀው ነው።

ለሚሄድ ሰው ደግሞ የምመክረው፣ የራሳችሁን ነገር ይዛችሁ ሂዱ። የእስትንፋስ መሣሪያ ከሆነ የለመዳችሁትን ማውዝፒስና ሪድ (ሲነፋ የምትንቀጠቀጠው ቀጭን ምላስ)፣ ጊታር ከሆነ የራሳችሁን ፒክ፣ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ የራሳችሁን ሄድፎን፣ ያለዛ ያወዳደራችሁት መሣሪያውን ሳይሆን ማውዝፒሱን ነው። ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሐረግ ተጫወቱ፣ አጭርና ቀርፋፋ ቢሆን ይመረጣል፣ ፈጣን ነገር ጉድለት ይሸፍናል። ከታች እስከ ላይ አንድ በአንድ እየያዛችሁ ስሙ፣ የትኛዋ ድምፅ እንደምትታፈን ያኔ ይታወቃል። የጆሮ መከላከያ አትርሱ፣ ለሙዚቀኛ የሚሠራው ድምፁን ሳያደበዝዝ የሚቀንሰው አለ። ጠዋት ግቡ፣ ከምሳ በኋላ ጆሮ ይደክማል፣ የደከመ ጆሮ የሚጮኸውን ሁሉ ጥሩ ነው ይላል። ዛሬ ብቻ ነው ቅናሹ ሲሏችሁ አትደንግጡ፣ የመሣሪያውን ሲሪያል ቁጥር ጽፋችሁ ያዙና ነገ በሌላ ጆሮ ተመለሱ፣ ምክንያቱም አንድ ሞዴል የሆኑ ሁለት መሣሪያዎች እንኳ አንድ አይደሉም፣ በተለይ እንጨት። የሞከራችሁትን ራሱን ነው መውሰድ እንጂ ከመጋዘን የሚመጣ ወንድሙን አይደለም።

እናንተን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። ከዚህ በኋላ ስለ መሣሪያ ኤግዚቢሽን ስትዘግቡ ስንት ሺህ ሰው ገባ፣ ማን መድረክ ላይ ዘፈነ የሚለው ብቻ አይሁን። ሪፖርተራችሁ ከአንድ ተጫዋችና ከአንድ ጠጋኝ ጋር ይሂድ፣ የድምፅ መለኪያ በስልኩ ይጫን፣ ቫዮሊን የሚሞከርበት ቦታ ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሆነ ይጻፍልን፣ መለዋወጫ የያዙት የት ጥግ እንደተወሸቁ ይንገረን፣ ዳሱ ውስጥ መሣሪያውን የሠራው ሰው ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ ስም እየጠራ ያውጣልን። አዘጋጆቹም ያነቡታል፣ እኛም በሚቀጥለው መሄድ አለመሄዳችንን እሱን አይተን እንወስናለን።

ከአክብሮት ጋር፣
መሣሪያ ጠጋኝና የሙዚቃ አስተማሪ የሆነ አንባቢያችሁ